ከእርሳሱ ድስት አጠገብ

ይድረስ ለባሌ ታላቅ እህት፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደረጃ መውጣት አቃተኝ ብለሽ ስትጽፊ ከልቤ አዘንኩ። ልጆችሽ፣ የልጅ ልጆችሽ፣ ሰው የሚነክሰው ያ ድመትሽ ሳይቀር ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። በረዶው ዘንድሮ ቀድሞን ገባ፤ የተራራው መንገድ ሲፈልግ ይከፈታል፣ ሲፈልግ ይዘጋል። እንጨታችን በቂ ነው፣ ማቀዝቀዣውም ሥጋ ሞልቶታል፣ እኔም ጤነኛ ነኝ። ስለ እኔ ስላልጠየቅሽ ነው ራሴው የነገርኩሽ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አንድ ጊዜ እንዲገባኝ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ እንድናደድ ብዬ አነበብኩት። «ወንድሜን በረሃብ እየጨረስሽው ነው» ብለሽኛል። ለምስጋና በዓል መጥተሽ ጉንጩ ሰርጉዶ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ ሹካው ከእጁ ሲወድቅ አይተሽ ልብሽ ተሰብሯል። ከገና በኋላ መኪናሽን ይዘሽ መጥተሽ ከተማ ትልቁ ሆስፒታል ልታስገቢውና ደሙን ልታስመረምሪው ቆርጠሻል። መብትሽ ነው፣ ወንድምሽ ነው። ግን ቤንዚን ከማባከንሽ በፊት ቤታችን እንዴት እንደሚውል ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ወንድምሽ ዌንደል አይበላም ያልሽው ውሸት ነው። ይበላል፤ አንቺ የማታውቂው የሚበላበትን ቦታ ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው። ሌላው ሰው ጥይቱን ከሱቅ ገዝቶ አጋዘኑን ይመታል፤ ወንድምሽ ግን የሰው እጅ የሠራው አረር ያስጠላዋል። እርሳስ ያቀልጣል፣ ቆርቆሮ ይቀላቅልበታል፣ ራሱ በሞረደው ፎርማ ውስጥ ያፈሳል፣ ሲበርድ አውጥቶ ይመዝናል፣ ሳይጥመው መልሶ ያቀልጣል። ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደ አበባ የሚፈካ፣ አጥንት ሲነካ ደግሞ የማይበታተን አረር ሳልሠራ አልሞትም ብሏል። ድስቱ አንዴ ከጋለ ጥሎት አይወጣም። ስለዚህ ገና ድሮ «ምሳዬን እዚሁ አምጪልኝ» አለኝ፣ እኔም አመጣለታለሁ። ሾርባ ይደፋበታል፤ ስለዚህ ዳቦ በሥጋ ነው። አረሩን በለቀመበት እጅ ቆርሶ ይበላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «ኧረ እጅህን ታጠብ» እለው ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ እጄን ስታጠብ እርሳሱ ተሰልፎ ሊጠብቀኝ ነው?» ይለኛል። እሺ ብዬ ተውኩት። ባልሽን አትነዝንዢው ያልሽኝ አንቺው ነሽ፤ የሠርጋችን ዕለት ጆሮዬ ሥር ሆነሽ።

መስኮቱንም ያስዘጋኝ እሱ ነው። ነፋስ ከገባ ፎርማው ይቀዘቅዛል፣ ፎርማው ከቀዘቀዘ አረሩ ተጨማዶ ይወጣል። አንድ ቀን አቧራ ላራግፍ ብዬ ከፍቼው አንዱን የተጨማደደ አረር ፊቴ ላይ ደቅኖ፣ «እዪው፣ የራስሽን ጉንጭ አስመስለሽ አስወለድሽኝ» አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ያን መስኮት ነክቼው አላውቅም።

ኦርቪልን ታስታውሺዋለሽ፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤታችን፣ እሱም እንደ ወንድምሽ አረር የሚያፈሰው። እሱ ግን በብርድ ሳይቀር በሩን በርግዶ፣ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ነው የሚሠራው። ቤታችን በመጣ ቁጥር ያስጠነቅቃል። «ዌንደል፣ እርሳስ እኮ መርዝ ነው። ጭሱ ሳንባህ ይገባል፣ ብናኙ ከዳቦህ ጋር ሆድህ ይገባል፣ ቀስ ብሎ ደምህን ይይዘዋል። ሆድ ያኮማትራል፣ እጅ ያሰልላል፣ ጭንቅላት ያጃጅላል» ይለዋል። አንድ ቀን ጓንቱንና መሸፈኛውን እንዳደረገ ሲመጣ አንቺም ነበርሽ። «ምነው ኦርቪል፣ እንዲህ ተሸፋፍነህ ማንን ልታዋልድ ነው?» ብለሽ ቤቱን በሳቅ አፈረስሽው። ወንድምሽም አንዷን አረር አንስቶ እንደ ከረሜላ ጉንጩ ውስጥ ወሸቃት። ኦርቪል ቀልቶ ኮፍያውን ፈልጎ ወጣ። እኔ ግን የተናገረውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ። ጨዋታ አላውቅበትም፣ መስማት ግን እችላለሁ።

ስለ ፈረሴ ስለ ክሎቨር ላላነሳ ፈልጌ ነበር። አንቺ ግን «አንዲት ፈረስ ቂም አስይዛሽ» ብለሽ ስለጻፍሽ ልናገር።

አንድ አረር ሲያልቅለት የሚፈተነው በጋዜጣ ነው። ጋዜጣውን በበርሜል መዘፍዘፍ የእኔ ሥራ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ እሱ ጠቅጥቆ ሳጥን ውስጥ ይሞላውና ከሩቅ ይተኩስበታል፣ ከዚያ ገጽ በገጽ እየገለጠ አረሩ የት እንደቆመና እንዴት እንደፈካ ያያል። ካቻምና በመከር ወቅት አንዱ በጣም ያምር ነበር። ጋዜጣው ውስጥ ዙሪያውን እኩል ተከፍቶ ነው የተገኘው። እሱ ግን ፊቱ አልተፈታም። «ጋዜጣ አጥንት የለውም» እያለ ሲንጎራደድ ሰነበተ።

ክሎቨርን እናቷ ሞታባት በጡጦ ነው ያሳደግኳት። አርጅታ አንድ እግሯ አንክሶ ነበር፤ በሚመጣው ጸደይ የከብት ሐኪም በመርፌ እንዲያሳርፋት ከወንድምሽ ጋር ተነጋግረን ጨርሰን ነበር። እኔ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ስመለስ አፍሳሯ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ጭንቅላቷን አልመታትም፣ እትዬ። የቸገረው አረሩን የሚፈትንበት የትከሻ አጥንት ነበርና ትከሻዋን ነው የመታት። ወዲያው አልሞተችም። የተኩሱን ድምፅ ሰምቶ የመጣው ኦርቪል ነው የነገረኝ፤ ወንድምሽ ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ምን ያህል ርቀት እንደምትሄድ እያየ ነበር። ኦርቪል «ኧረ በእግዚአብሔር ጨርሳት!» ቢለው «ቆይ፣ ገና እየቆጠርኩ ነው» አለው።

በዚያ ዓመት ለምስጋና በዓል አረሩን አጥቦ፣ ወልውሎ፣ በነጭ ናፕኪን አድርጎ ከድንቹ ጋር በገበታ አዞረው። አንቺ እጅ ሲደርስ «ውይ ሲያምር! ጽጌረዳ እኮ ነው የሚመስለው! የየትኛው አጋዘን ነው?» አልሽ። «አጋዘን አይደለም፣ የሷ ፈረስ ናት» ብሎ በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። እንባሽ እስኪፈስ ሳቅሽ። ከዚያ ክንዴን መታ መታ አድርገሽ «አይዞሽ፣ በከንቱ አልሞተችም» አልሽኝ። እኔ ተነስቼ የዱባ ፓይ አመጣሁላችሁ። ያን ቀን ጠላሁት። አልደብቅሽም፣ አጥንቴ ድረስ ጠላሁት። አንቺንም ትንሽ።

ግን ሚስት ሚስት ነች። ዳቦውን ማመላለሴን ለአንድ ቀን አላቋረጥኩም።

ሐኪም አላሳየሽውም ያልሽውም ልክ አይደለም። በመስከረም ሆዱን ጨብጦ ሲያቃስት እዚሁ ትንሿ ከተማችን ዶክተር ሃልቮርሰን ጋ ወስጄዋለሁ። ወንድምሽ ራጅ ሊነሳ ሲገባ ዶክተሩ እኔን ለብቻዬ አስቀምጦ ጠየቀኝ፤ «ጡረታ ከወጣ ወዲህ ምን ሲሠራ ይውላል?» አለኝ። «ጋዜጣ ሲያገላብጥ ነው የሚውለው» አልኩት። ውሸት አለበት? የለበትም። ዶክተሩም «ዕድሜ ነው፤ ይንቀሳቀስ» ብሎ የሆድ መድኃኒት አዘዘለት። መድኃኒቱን ሳላጓድል እሰጠዋለሁ፣ ከምሳው ጋር።

የጓሮዋ ክፍል ግድግዳ ላይ ጭሱን የሚስብ ማራገቢያ ነበር፤ ማራገቢያው ባለፈው ክረምት ተቃጠለ። ወንድምሽ ራሱ «ሰው ጥሪና አሠሪው» ብሎኝ ነበር። የቤት ሥራ ታውቂያለሽ፤ ዛሬ ነገ ስል ቀረ። አሁን እሱም ረስቶታል። ብዙ ነገር ይረሳል። በቀደም ክሎቨር ውሃ ጠጥታለች ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጠጥታለች አልኩት።

አሁን ስላለበት ሁኔታ ደግሞ ልንገርሽ፣ እንዳትጨነቂ። የቀኝ እጁ አንጓ ተንጠልጥሎ ቀርቷል፤ ቀና አድርገው ቢሉት አይታዘዝለትም። የሚቀምሰው ሁሉ ብረት ብረት ይለዋል። ድስቱን ግን አልተወም፤ አመሉ ነው። ጭልፋውን በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ይዞ ያፈሳል፣ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል። እኔ ሽታው ስለማይስማማኝ ምሳውን አስቀምጬለት ወጣ እላለሁ። ከቤት እስከ ጓሮ በበረዶ መመላለሱ ስላደከመው ባለፈው ሳምንት አልጋውን ወደዚያው አስገባሁለት። ኦርቪል ሲያግዘኝ አልጋውን በሩ ላይ አቁሞ ዘለግ ላለ ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወዲህ ብቅ አላለም። ክፍሉ ሙቅ ነው፤ ብርድ እንዳይገባው መስኮቱን ዙሪያውን በፕላስቲክ አሽጌዋለሁ። አልጋው ከድስቱ አጠገብ ስለሆነ እንቅልፍ ቢወስደው እንኳ ሙቀቱ አይለየውም። እኔ ነኝ ወንድምሽን የማልንከባከበው?

ስልክ ስትደውዪ ሁልጊዜ እኔ አነሳለሁ ብለሽ አማርረሻል። ምን ላድርግ? የዕድሜ ልክ ተኩስ ጆሮውን ደፍኖታል፤ የስልኩን እጀታ ብሰጠው ዝም ብሎ ከመያዝ በቀር አይሰማሽም። ስለዚህ ደብዳቤሽን ጆሮው ሥር ሆኜ ጮኬ አነበብኩለት። ልትወስጂው እንደምትመጪ ሲሰማ ከአልጋው ቀና አለና ብዕር ጠየቀኝ። ሰጠሁት። ራሱ ሊጽፍልሽ ፈልጎ ብዙ ታገለ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት፣ ወረቀቱም በቀለም ተበላሸ። አለቀሰ፣ እትዬ። ወንድምሽ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም ነበር። አይዞህ፣ አንተ ንገረኝ፣ እኔ እጽፍልሃለሁ አልኩት። እጄን ጭምቅ አድርጎ ይዞ ብዙ ነገር ተናገረ፤ አንዳንዱን ደጋግሞ ነው የተናገረው። አሁን ያንን ሁሉ ጽፌ ላሰለችሽ አልፈልግም። ፍሬ ነገሩን ልንገርሽ፤ ደህና ነው፣ መንገዱም ክፉ ነውና በከንቱ አትድከሚ፣ እስከ ጸደይ አትምጪ ብሏል።

ጉልበትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። ገናውን በደስታ፣ ከልጆችሽ ጋር ተሰብስባችሁ እንድታሳልፉት ያድርግላችሁ። እኛን አታስቢ፤ እኔ አጠገቡ አለሁ።

አክባሪሽ፣
የወንድምሽ ሚስት