የተናዘዘ ይፈታል

ዓይናዲስ፣

ካርዱ ላይ የምታዪው ቀሐ ወንዝ ዳር ያለው የፋሲል መዋኛ ነው። ዓርብ ላየው ስወጣ አንድ የማውቃቸው መሪጌታ «አብረኸኝ ና» ብለውኝ ፖሊስ ጣቢያ ዋልኩ። የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸው ለምትወደው ልጅ፣ ለሌላ ሰው ዓይን የማይሆን ፎቶዋን ልካለት ኖሮ፣ እሱ ለጓደኞቹ በትኖታል። ሊከሱ ነው የመጡት።

ልጅቷ አንገቷን ደፍታ አልናገር ስትል አባቷ «ምነው ልጄ፣ ለንስሐ አባትሽ እንደምትናዘዢው ነው፤ ምንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው» አሏት። አመነቻቸው።

«ያነሳሁትም የላክሁትም እኔ ነኝ» አለች።

መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «የኔታ፣ እንዲህ ከሆነ እሷም ልትከሰስ ትችላለች።»

መሪጌታው ወደ እኔ ዞሩ። «የተናዘዘ ይፈታል ብዬ እኮ ነው» አሉኝ። ክሱን ትተው ልጃቸውን ይዘው ወጡ። ፎቶው ግን አሁንም በየስልኩ ይዞራል።

እኛ አዳማ ቢሆን ሰፈር ይቀየራል። እዚህ ሁሉም የአንድ ደብር ሰው ነው። እሑድ ልጅቷ መዘምራኑ መሃል አልነበረችም።

አንቺ ሕግ ሲረቀቅ የምትጠሪ ጠበቃ ነሽ፤ እባክሽ ለአርቃቂዎቹ ንገሪያቸው። የራሷን ፎቶ የላከችና የሰው ፎቶ የበተነ በአንድ ዓይን አይታዩ። እሱም ቢሆን ልጅ ነው፤ ይታረም እንጂ ዕድሜውን እስር ቤት አይፍጀው።

ቦታ አለቀብኝ። እትዬ ጽጌሬዳን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ካርድ ኤንቨሎፕ የለውም፤ እጅ በእጅ ሲያልፍ የፈለገ ሁሉ ያነበዋል። የልጅቷን ስም ያልጻፍኩልሽ ለዚያ ነው።

አምሐ