ኣሰለፈች ያስጀመረችኝ ሥራ

ጥቅምት 5

ዛሬም ቤት ዋልኩ። የምነዳት ሚኒባስ በጦርነቱ ከጠፋች ወዲህ እንዲሁ ነኝ… ተነሣ፣ ተቀመጥ፣ ሬዲዮ ክፈት፣ ሬዲዮ ዝጋ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ፈትቼ የሳሎኑን መስኮት ወለወልኩ።

ባለቤቴ ኣሰለፈች ከአልጋ ተነሥታ አየችው። "ማነው ያጸዳው?" እኔ ነኝ አልኳት። ሳቀች። "ቆሻሻውን ከዚህ ወደዚያ ነው የወሰድከው።" ከዚያ… "የጽዳት ሥራ ለምን አንጀምርም?"

እንጀምር ማለቷ ነው። እሷ እኮ ደረጃ መውጣት አቅቷት ነው ከዓይደር ሆስፒታል ጽዳት የወጣችው። ማነው የሚጀምረው?

ጥቅምት 9

ነገሩን አልተወችውም። ሓድነት ሰፈር ውስጥ በየቦታው ቤት እየተሠራ ነው፣ የጨረሰ ሁሉ የሚያጸዳለት ይፈልጋል ትላለች። ወንድ ልጅ፣ በዚህ ዕድሜ፣ መወልወያ ይዞ? አልኳት።

"ኣታ ከፋለ፣ መኪናህን ስታጥብ ወንድ አልነበርክም?"

 ከደሴ ሹፌር ሆኜ ወደ አገሯ መጥቼ ካገባኋት ጀምሮ ተከራክሬ ረትቻት አላውቅም።

ጥቅምት 14

ትምህርት ቤት ገባሁ። እሷ አልጋ ላይ፣ እኔ መሬት ላይ። ሳሙና ሲበዛ ወለሉ ይጨቀያል። በረኪናን ከሌላ ኬሚካል ጋር አትቀላቅል፣ ይገድልሃል። ጨርቁን እጠፈው፣ አንዱ ገጽ ሲቆሽሽ ገልብጠው። "ጥግ! ጥጉን ማን ይጥረግልህ?"

ጉልበቴ አለቀ። እሷ ግን ዛሬ አንዴም አመመኝ አላለችም።

ጥቅምት 21

ዓይደር ሆስፒታል ሐኪም ጋ ዋልን። ለብቻዬ ጠራኝ። ካንሰሩ ወደ ጉበቷ አልፏል… ቤት ሆና የምትወደውን ትብላ አለኝ።

ስወጣ ድሮ አብረዋት የሠሩ ሴቶች መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ከበዋታል። ይስሟታል። ትስቃለች።

ባጃጅ ውስጥ "ምን አለህ?" አለችኝ። መድኃኒቱን ቀጥሉ አለ፣ አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ጥቅምት 25

በየግንቡ የሚለጠፍ ማስታወቂያ ላሠራ ነው። "ኣሰለፈች የጽዳት አገልግሎት" ልል ነበር። እምቢ አለች። ያንተን ስም አድርግበት።

ለምን?

"ስልክ ባነሣህ ቁጥር ስሜን እየጠራህ… እንዴት ልትኖር ነው?"

ታውቃለች። ሳልነግራት ታውቃለች። ውጭ ወጥቼ ቆምኩ። ስመለስ የሚገዛው ጓንት ወፍራም ይሁን ቀጭን የሚለውን ነው ያወራችኝ።

ኅዳር 3

ተደወለ! ሓፍቶም የሚባል ሰው ነው። ሓድነት አዲስ የሠራውን ቤት ለተከራይ ሊያስረክብ ነው። ሒክማን ይዤ ሄድኩ። ግቢያችን ውስጥ የምትከራይ የወሎ ልጅ ናት፣ ባሏ የቀን ሥራ አጥቶ ተቸግረዋል።

ሴራሚኩ ላይ ቀለም ተንጠባጥቦ ደርቋል። አልለቅ ሲለኝ በሽቦ ፈተግኩት። ለቀቀ። ደስ አለኝ። ወለሉ ሲደርቅ ግን… ተቧጥጧል። ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ሓፍቶም ጮኸ። "አጽዱ አልኳችሁ እንጂ እረሱ አልኳችሁ?" ነገ ሌላ ሰው አመጣለሁ ብሎ አስወጣን። ሒክማ ባልዲውን ተሸክማ ከፊቴ ሄደች። 

ኅዳር 4

ለኣሰለፈች ነገርኳት። መጀመሪያ ሳቀች፣ እስኪያማት። ከዚያ "አንሣኝ" አለች። የት? "ወለሉ ጋ።"

እኔ ከአንድ ወገን፣ ሒክማ ከአንድ ወገን ደግፈን ባጃጅ ላይ አወጣናት። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ በነጭ ካልሲ ገባች። ባዶው ሳሎን መሃል ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሓፍቶም ሌላ ሠራተኛ ሊፈልግ ሊወጣ ሲል አያትና ድምፁ ወረደ።

"ኣደይ፣ ምነው እንዲህ ደከሙ?"

"ሳላስተምረው ልኬብህ ነው፣ ልጄ። ጥፋቱ የእኔ ነው። እስከ ማታ ታገሠኝ።"

እኛን ደግሞ ታዝዘናለች። "በሞቀ ውሃ የራሰ ጨርቅ ቀለሙ ላይ አልብሱት። ተዉት። ከፋለ፣ አትቸኩል አልኩህ!" ጠበቅን። ጨርቁን አንሥቼ በፕላስቲክ ገፋ ሳደርገው ቀለሙ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። የተቧጠጠው ግን አይመለስም። ሶፋ ይቀመጥበታል ብላ ሓፍቶምን አግባባችው።

ስንወጣ እግሯን አነሣችና የካልሲዋን ሥር አሳየችኝ። "እይ፣ አልጠቆረም።"

ቤት ስንደርስ ተሸክሜ ነው ያስገባኋት። ክብደት የላትም።

ኅዳር 12

ሓፍቶም ለወዳጆቹ ነግሮልን ሥራ መጣ። ጠዋት ጠዋት ጥያት መውጣት አልፈልግም። ታባርረኛለች። "ሂድ። አጠገቤ ተጎልተህ ምን ታደርግልኛለህ? ስትመጣ ትነግረኛለህ።" ስመለስ ያጸዳሁትን ቤት እነግራታለሁ። መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ወጥ ቤቱ፣ የሴትዮዋ ጠባይ… ዐይኗን ጨፍና ትሰማለች።

ኅዳር 20

ዛሬ ምንም አልቀመሰችም።

ኅዳር 26

ጠየቅኳት። ይህን ሥራ ያስጀመርሽኝ ለመድኃኒትሽ ነው ወይስ…

"መድኃኒት ምን ያደርግልኛል?" ዐይኗን አልገለጠችም። "ልጅ የለን። እኔ ከሌለሁ እዚያ ሬዲዮ ሥር ተቀምጠህ ልትቀር ነው። አውቅሃለሁ።"

እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። 

ታኅሣሥ 2

ኣሰለፈች ዐረፈች። ጠዋት። ሥራ ላይ ነበርኩ… ራሷ ልካኝ።

ታኅሣሥ 19

ድንኳኑ ተነሣ፣ ዘመዶቿም ሄዱ። ስልኩ ይጮኻል። አላነሣም።

ዛሬ ሒክማ በሩ ላይ መጥታ ቆመች። "ጋሼ፣ አብሽር። የቀጠሩን ሰዎች ቤታቸውን ዛሬ ይፈልጉታል። እኔ ብቻዬን እጀምራለሁ… ከቻልክ ና።" ሄደች።

ተከተልኳት። ለምን እንደተነሣሁ አላውቅም። መታጠቢያ ቤቱን እየፈተግኩ እንባዬ መጣ፣ አልቆም አለኝ። የቤቱ እመቤት በረኪናው ያቃጠለኝ መስሏት ሮጣ መስኮት ከፈተችልኝ።

የካቲት 8

ቋሚ ደንበኞች አሉን። ሒክማ ከእኔ ተሽላለች። የሚያውቀን ሰው መጀመሪያ እሷን ነው የሚጠይቀው። ዛሬ ሥራ ስላልነበራት ቤት ቀርታ የሥራ ዕቃዎቹን እንድታጥብ የቤቴን ቁልፍ ትቼላት ዓይደር አንድ ፋርማሲ ላጸዳ ሄድኩ።

እዚህ ጽፌው የማላውቀው ነገር አለ። የኣሰለፈችን ጋቢ አላጠብኩትም ነበር። በመጨረሻ ለብሳው የነበረውን። ትራሴ ሥር ነው የማኖረው። ስተኛ ፊቴ ላይ አደርገዋለሁ። ላቧ፣ የራስ ቅባቷ… እሷ ነበረች። የሰው ቤት ሁሉ አጥባለሁ፣ ያንን ግን እጄ እንቢ አለኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ምን ተብሎ ይነገራል?

ስመለስ ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ነጭ። ነፋስ ያወዛውዘዋል።

ሒክማ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ወጣች። ፊቷ በርቷል። "ጋሼ፣ ላስደስትህ ብዬ ነው። አንሶላውን፣ የትራስ ልብሱን፣ ሁሉንም። ጋቢው አስቸግሮኝ ነበር… ግን እየው፣ እንዴት እንደነጣ!"

ቧንቧ ከጠፋ ሰንብቷል። ውሃውን ከየት አመጣችው? ከታች ሰፈር በጄሪካን ተሸክማ ነው።

ተጠጋሁ። ጫፉን ይዤ አሸተትኩት። ሳሙና ነው። ፀሐይ ነው። ሌላ የለም።

"ምነው ጋሼ? አልወደድከውም?"

 ፊቷን አየሁት… እንዴት ብዬ ልንገራት?

"እጅሽ ይባረክ" አልኳት። "በደንብ አጥበሽዋል።"

እውነት ነው። በደንብ አጥባዋለች።

ሲደርቅ አውርጄ አጠፍኩት። ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ ቀሚሶቿ ላይ አስቀመጥኩት። ዛሬ ያለ እሱ እተኛለሁ።