እማዬ፣ ነጠላሽን ገለጥኩት

እማዬ ዓለሜ፣

እንጦጦ ማርያም ካሳረፍንሽ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ብዙ ወሬ ነበረኝ፤ ግን ይቆይ። ወለድኩ! ሴት ናት። ግንባሯ ያንቺ ነው፣ ቁጣዋም ያንቺ።

የቀበናውን ቤት አከራይተን አሁን የምንኖረው ኮተቤ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ባለቤቴ ልብስ ማጠብ ለመደ ብልሽ ታምኚኛለሽ? ዳይፐር ሲቀይር ግን አሁንም ፊቱን ያዞራል።

ምጥ ላይ ሌሎቹ ማርያምን ሲጠሩ እኔ የጠራሁት አንቺን ነው። እሷም አልተቀየመችኝም መሰለኝ፣ በሰላም ተገላገልኩ።

እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊለኝ የመጣው ሰው ብዛቱ! ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ምክሩ። እንግዳ በገባ ቁጥር ልጄን የማጠባት ባንቺ ነጠላ ሸፍኜ ነበር። ጠረንሽ አሁንም አለበት። ለሰው ዓይን ፈርቼ ነው እላለሁ፤ በቡዳ አላምንም እያልኩ ስከራከርሽ እንዳልኖርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ናፍቀሽኝ ነው። ከነጠላው ሥር ሦስታችንም ያለን ይመስለኝ ነበር።

ግን ስትጠባ ያመኛል። የጡቴ ጫፍ ተሰነጣጠቀ፤ ጥርሴን ነክሼ ነበር የማጠባት። እሷም ትጎትታለች፣ ትለቃለች፣ ታለቅሳለች። ወተት የለሽም አሉኝ። አብሽ ጠጣሁ፣ ተልባ ጠጣሁ፤ ሆዴ ተነፋ እንጂ ምንም ጠብ አላለም። በሁለተኛው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስትመዘን ከተወለደችበት ክብደት ቀንሳ ተገኘች። ነርሷ ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ፤ በሦስት ቀን ውስጥ ካልጨመረች ሆስፒታል መተኛቷ ነው አለችኝ። እማዬ፣ ከሚኒባስ ወርጄ ቤት እስክገባ አለቀስኩ። ልጄን በረሃብ የምገድላት መሰለኝ። አንቺንም ተቆጣሁሽ፤ ምናለ ትንሽ ብትቆዪልኝ ብዬ።

በማግስቱ ጫልቱ መጣች። ቀበና ግቢያችን ውስጥ ሰርቪስ ቤቱን ተከራይታ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው ጫልቱ። ያኔ ከጎኗ አልጠፋሽም ነበር። እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ የሰው ጡት ይዘሽ ስታስተካክዪ አይቼ በሀፍረት ልሞት ደረስኩ። ሥራ አጥተሽ ነው ወይ አልኩሽ። ስቀሽብኝ ሥራሽን ቀጠልሽ።

ያን ቀን ጫልቱ ገና እንደተቀመጠች ልጄ አለቀሰች፤ እኔም ነጠላሽን ሳብኩ። ጫልቱ እጄን ያዘችኝ። እናትሽ መጀመሪያ የምታነሳው መሸፈኛውን ነበር፣ ያልታየ አፍ እንዴት ይታረማል ትለኝ ነበር አለችኝ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን እንግዶች በዘዴ ወደ ሳሎን አስወጥታ በሩን ዘጋች። ገለጥኩት። ለካ ልጄ የያዘችው ጫፉን ብቻ ነው! ስንት ቀን ሙሉ ይህንን ሸፍኜ ኖሬአለሁ።

ጫልቱ ወገቤን በትራስ ደገፈችልኝ፣ የልጄን ሆድ ከሆዴ አገናኘች። ጡቱን ወደ ልጅቷ አትውሰጂ፣ ልጅቷን ወደ ጡቱ አምጪ እንጂ አለችኝ። ያንቺው ቃል ነው። አፏን ሰፋ አድርጋ እስክትከፍት ጠበቅናት። ጥቁሩ ዙሪያም ጭምር ገባላት፣ አገጯ ጡቴን ነካ፣ ሕመሙም ቀለለኝ። ስትውጥ በጆሮዬ ሰማኋት! ጫልቱ እልልታዋን ስታቀልጠው ልጄ ደንግጣ ለቀቀች፤ እንደገና አስያዝናት።

ጫልቱ ሦስቱንም ቀን ከቀበና ተመላለሰች። ሚዛኑ ላይ ስናስቀምጣት ጥቂት፣ ግን ጨምራ ነበር። ነርሷን አቅፌ ሳምኳት። እማዬ፣ ያኔ ሥራ አጥተሽ ነው ወይ ስላልኩሽ ይቅር በዪኝ።

ትናንት ሰማንያ ቀኗ ነበር። ጫልቱ ክርስትና እናቷ ሆና እንጦጦ ማርያም ክርስትና አስነሳናት። ከዚያ ወዳንቺ መጣን። የዚያን አገር ብርድ ታውቂዋለሽ። ልጅቷ በረሃብ ስታለቅስ መቃብርሽ አጠገብ ተቀመጥኩ።

አሁን ፎቃችን ላይ ሴት በወለደች ቁጥር አጠባቡን ላሳያት እሄዳለሁ፤ ልጄ አድጋ ታፍርብኝ ይሆናል፣ ትፈር። በሄድኩበት ሁሉ ስምሽን አነሳለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም።

ትናንት መቃብርሽ አጠገብ ሳጠባት ነጠላሽን እግሯ ላይ ጣል አደረግኩ። ፊቷን ግን አልሸፈንኩትም፤ አንቺ እንድታያት።

ልጅሽ