የተቀቀለው ቅጠል

ህዳር 2፣ ማክሰኞ
ላቦራቶሪውን ወለወልኩ። ብልቃጥ አጠብኩ። ዶክተር ወንድምአገኘሁ ጠራኝ... ምን ሰብሬ ይሆን?
"ኡመይማ፣ እናትሽ ቦሩ ሜዳ ለምች የምትሰጠውን ቅጠል አምጪልኝ።"
ማን ነገረው? ጀሚል ነው፣ የዕቃ ክፍሉ። ምች ሲመታው አምጥቼለት ነበር፣ አፉን አልያዘም።
"ምን ያደርግልዎታል?"
"ወርቅ እሠራበታለሁ።" ሳቀ።
በቅጠል ወርቅ? ወርቅ የሟሟበት ቢጫ ውሃ አለ አሉ፤ የቅጠሉ ጭማቂ ሲገባበት ወርቁ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ይሆናል፣ ውሃውም ይቀላል። ለመድኃኒት ነው አለ። የማን መድኃኒት? የእናቴን ሊወስድ ቢሆንስ?

ህዳር 7፣ እሁድ
እማ ተቆጣች። "የአባቴን ቅጠል ለባዳ? ከሰጠሽው ኃይሉ ይሄዳል። ካልሰጠሽው እንጀራሽ ይሄዳል።" አሰበች... ከዚያ ቅጠሉን ቀቀለችው። ሁለቴ! ውሃውን አስቀረች፣ ቅጠሉን አሰጣችው።
"ሲደርቅ እልክልሻለሁ፣ ስጭው። ገለባ ነው።"
ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ህዳር 11፣ ሐሙስ
ለዶክተሩ ሰጠሁት። አሸተተው። "ጠረኑ ደከመ" አለ።
"ፀሐይ በዝቶበት ነው ዶክተር።"
ዋሸሁ። ያ ረቢ።

ህዳር 15፣ ሰኞ
ውሃው አልቀላም። ሦስቴ ሞከረ፣ ያው ቢጫ። ለምንድነው እኔን የሚያየኝ?

ህዳር 16፣ ማክሰኞ
ለካ እኔን አይደለም! ጀሚልን ነው። ቢጫው ውሃ የሚሠራበት የወርቁ ጨው በሱ ቁልፍ ነው የሚቀመጠው።
"ሸጠህ ሌላ ነገር ቀላቅለህበታል" አለው፣ ሰው ፊት።
"ወላሂ አልነካሁም! ምን ላደርገው ዶክተር፣ ጥርስ ላስለብጥበት?"
ሰው ሳቀ። ዶክተሩ አልሳቀም። ቁልፉን ተቀበሉት። እስከ ዓርብ ካልመለሰ ፖሊስ...
ብናገር እባረራለሁ። እማም ትቀየመኛለች። ዝም ብልስ?
ዝም አልኩ።

ህዳር 18፣ ሐሙስ
የጀሚል ሚስት ዐሊማ ከኮምቦልቻ መጣች። ከፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ሳትተኛ፣ ልጅ አዝላ። በር ላይ ያዘችኝ።
"እህቴ፣ አንቺ ውስጥ ነሽ። ምን አየሽ?"
"ምንም።"
"ሲያገባኝ የብር ቀለበት ነው ያደረገልኝ። ወርቅ የሚሰርቅ ሰው ሚስቱን በብር ያገባል?"
ልጁ አየኝ... መጥረጊያውን ጣልኩት። ዶክተሩ ጋ ገባሁ።
"ቀቅለነው ነው።"
"ምኑን?"
"ቅጠሉን። እኔና እናቴ። ኃይሉን አስቀርተን... ጀሚል የለበትም።"
መነጽሩን አወለቀ።
"እርጥቡን ታመጪልኛለሽ?"

ህዳር 21፣ እሁድ
ለእማ ነገርኳት። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ራሷ ቆረጠችው፣ እግሬ ስር ጣለችው። "ውሰጅ።"

ህዳር 22፣ ሰኞ
ዶክተሩ ጭማቂውን ቢጫው ውሃ ላይ ጨመረበት። ቆመን አየን። ቢጫው ጠቆር አለ፣ ከዚያ... ቀላ! እንደ ቀይ ሥር ውሃ። ጀሚልን ይቅርታ ጠየቀው፣ ቁልፉን መለሰለት። እኔንም አላባረረኝ።
ጀሚል ግን ኮሪደር ላይ ጠበቀኝ።
"ሁለት ቀን ዝም አልሽ። ሁለት ቀን ሚስቴን ቀና ብዬ ማየት አፈርኩ።"
እውነቱን ነው።
ዶክተሩ የቅጠሉን ስም ጠየቀኝ፣ ሊጽፍ። "እናቴን ይጠይቋት" አልኩ።

ታኅሣሥ 5፣ እሁድ
ቦሩ ሜዳ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ እማ ቅጠል ልትቆርጥ ተነሳች። ድሮ ትቀሰቅሰኝ ነበር፣ ይሄ ለዚህ፣ ያ ለዚያ እያለች ልታሳየኝ። ዛሬ ተራምዳኝ ወጣች። ነቅቼ ነበር። መንቃቴንም አውቃለች።