የጥቁሩ ዲስክ ነገር

ጩጬ፣

ምሳህ ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ አሙቀህ ብላ።
ቧንቧ ሠሪው ከመጣ በሩን ክፈትለት።

ጥቁሩን ዲስክ ኮምፒውተር ወደሚጠግን ሰውዬ ይዤው ሄጃለሁ። በስልክ ስጠይቀው፣ ፎርማት ተደርጎ ተጠርጎ ብቻ ቢሆን የነበረበት ይመለስ ነበር አለኝ። ጠርገህ ፊልሞችህን በላዩ እንደጫንክበት ስነግረው ግን ተስፋ አድርጊ አላለኝም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቢሆንም ልሞክር።

ትናንት "አሮጌው ቢጠፋ ምን አለበት? አዲሱ ላይ አለ" ስትለኝ አልተናደድኩም።

ባክአፕ፣ ያ የመጠባበቂያ ቅጂ፣ እንደዛ አይደለም፣ ወንድሜ። እማዬ ያረፈች ሰሞን ላፕቶፑ ላይ የነበረው ሁሉ አንዴ ጥቁሩ ላይ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ አዲሱ፣ ሰማያዊው ዲስክ፣ በየቀኑ ይወስድ የነበረው አዲስ የገባውንና የተለወጠውን ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሲቃጠል የቀሩን እነሱ ሁለቱ ነበሩ።

ሰማያዊውን እባክህ እንዳትነካው። የምርቃትህ ፎቶ አለበት፣ የኔም የሥራ ፋይሎች አሉበት።

የተቀዳው የእማዬ ድምፅ ግን የለበትም።
ከሞተች ወዲህ ምኗ ይለወጣል?

እህትህ