የሳንቃው እርምጃ

«ዩኒቨርሲቲ ልከን ያስተማርነው ሰው አድጎ አድጎ የአባቱን የተሰበረ ጉልበት ለማያውቃቸው ሰዎች መጫወቻ አደረገው። እግዜር ይይልህ። አባባ ይህን ቢሰማ ምን የሚል ይመስልሃል?»

እታለም፣ ይህ የራስሽ ቃል ነው። አንዲት ነጥብ ሳልጨምር ሳልቀንስ የገለበጥኩት ኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳትይኝ ነው።

ተቆጣሁ ብዬ ሰላምታ አልዘልም። እንደምን ከረምሽ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚይዝሽ ወገብሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ከባድ አታንሺ ያለሽን ሰማሽው ወይስ አሁንም ሁለት ባልዲ በአንዴ ታንጠለጥያለሽ? አባባስ እንዴት ነው? ሳሉ ለቀቀው? መነጽሩንስ አደረገ ወይስ እንደ ልማዱ ትራስ ሥር ደበቀው? ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ይላል፤ እኔ ከናፍቆታችሁና ከንዴቴ በቀር ደህና ነኝ።

ሥራዬን በስልክ በሦስት ደቂቃ ብቻ ስለነገርኩሽ ጥፋቱ የኔም ነው። «መጫወቻ» ያልሽው እንዲህ ነው። አምስት ስድስት ዐዋቂ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ በሐሳቡ የፈጠረውን ሰው ይሆናል፤ አንዱ አንጥረኛ፣ አንዷ መርከበኛ። በሌለ አገር ውስጥ አብረው ይጓዛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ ነገር ሲካረር ዳይስ የሚሉትን ባለ ነጥብ ኩብ ጥለው ይለያሉ። ያንን የሌለ አገር ከተራራው እስከ ጫማው በመጽሐፍ የሚጽፍላቸው ሰው ያስፈልጋል። ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩት እኔ ነኝ የምጽፈው። ዘንድሮ ደግሞ የየአውራጃው ሰው በባዶ እጁ እንዴት እንደሚፋለም እንድወስን ታዘዝኩ።

አለቃዬ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው ነው። መጀመሪያ ያመጣልኝ ዝርዝር የነብር ስልት፣ የእባብ ስልት፣ የንስር ስልት የሚል ነበር። «እነዚህ ሰዎች የሚኖሩት ጨው ሜዳ ላይ ነው፤ ነብር የት አይተው ነው የሚቀዱት?» አልኩት። «ጋሼ፣ ተጫዋቹ ነብር ይወዳል» አለኝ። «እንግዲያው መካነ አራዊት ይሂድ!» ብዬ ወረቀቱን መለስኩለት። እኔ የምጽፈው በቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ መሬቱን፣ ከዚያ ጫማውን፣ ከዚያ ትከሻ ላይ የሚውለውን ሸክም። ምቱ በመጨረሻ ራሱ ይመጣል። የረግረጉ ሰዎች ርግጫ አያውቁም፤ አንድ እግሩን ያነሳ ሰው በሌላው ይሰምጣላ። ከተማቸው ሁሉ ደረጃ የሆነባቸው ሰዎች ውጊያቸው ግማሹ ሽቅብ ሩጫ ነው፤ ቀድሞ ከላይ የተገኘ አሸነፈ።

የወደቡ ሰዎች ላይ ስደርስ ሦስት ሳምንት አንድ መስመር አልወጣልኝ አለ። ከመርከብ ወደ መጋዘን በጠባብ ሳንቃ ጭነት የሚያመላልስ ሰው እንዴት ይቆማል? አንድ ቀን ጥርሴን እየፋቅኩ ሳለሁ መልሱን ድሮ እንዳየሁት ትዝ አለኝ። እህል መጋዘኑ በር ላይ፣ አባባና ስድስቱ ጓደኞቹ ኩንታል ተሸክመው በሳንቃው ሲወጡ። ሁሉም በጎናቸው ዞረው፣ የግራ ትከሻ ቀድሞ፣ ግራ እግር ይረግጥና ቀኙ ሳይነሳ፣ ጉልበቱ ሳይታጠፍ፣ ሳንቃውን እየጠረገ ይከተላል። ሲዞሩ የሚዞሩት በወገብ ነው። ሰባት ሰው እንደ አንድ ሰው። ይህን ነው የጻፍኩት። ገጹን ከነሥዕሉ የላክሁልሽም ደስ ይልሻል ብዬ ነበር እንጂ እርግማን ለማምጣት አልነበረም።

ደግሞ ሳልሞክረው አልጻፍኩም። ከእኛ ቢሮ ሥር ብስክሌት የሚጠግነው ሰውዬ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ አዋሰንና ሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ዘረጋነው። ጆንያ ሙሉ የተበላሸ ወረቀት ሞላን። አለቃዬ «ይቺማ ቀላል ናት» ብሎ ወጣ፤ በሦስተኛው እርምጃ ከነጆንያው ወረደ። ሠዓሊያችን «አለቃ፣ ወደቡ ደረስክ እንዴ?» ብላ ስትስቅ እሷም ተራዋ ደርሶ ወጣች፤ ወደቀችና ቁርጭምጭሚቷ ዞረ። ከዚያ የአባባን እርምጃ አሳየኋቸው። ሠዓሊዋ ያመማትን እግር መጎተት ብቻ ስለነበረባት ከሁላችን ቀድማ ለመደችው።

በማግስቱ አንድ ጡረታ የወጣ የትግል አሠልጣኝ አስመጣን፤ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር ሽማግሌ ነው። ከሦስታችን አንዱ ጉዳተኛ እንደሆነ ነገርነውና በአንድ መስመር ሳንቃው ላይ ወጣን። የደከመውን ለይቶ እንዲገፋው ነበር የጠየቅነው። «ይሄማ እንጀራዬ ነው» አለ። ሁለት ጊዜ አመላለሰን። መጀመሪያ እኔን በሽበቴ ጠርጥሮ ገፋኝ፤ ተንሸራትቼ ቆምኩ። ቀጥሎ አለቃዬን ገፋ፤ አልወደቀም። ሽማግሌው ወገቡን ይዞ «ሁላችሁም አንካሳ ናችሁ ወይስ ማናችሁም አይደላችሁም?» አለ። ጠረጴዛዬ ሄጄ ለስልቱ የመጨረሻዋን ሕግ ጻፍኩ፤ «የወደብ ሰዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ሆነው በአንድ መስመር ሲራመዱ፣ ባላጋራ ከመካከላቸው የቆሰለውን መለየት አይችልም።» ለምን እንደጻፍኳት በቅጡ አላውቅም ነበር። ስለሠራች ጻፍኳት።

ደብዳቤሽ የመጣው ከዚህ በኋላ በአራተኛው ሳምንት ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ወረወርኩት። የምን የተሰበረ ጉልበት? በሃምሳ ሦስት ዓመቴ አባቴ ጉልበቱ የተሰበረ መሆኑን ከስድብ ውስጥ ለቅሜ ልወቅ? ቤት ውስጥም እግሩን ሲጎትት የተሸካሚ ሁሉ አረማመድ ይመስለኝ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የኔ ግን ከባዳም አለፈ። ሁለተኛውን ገጽ ያነሳሁት ለንዴቴ ማገዶ ፍለጋ ነበር።

እታለም፣ ያንን ገጽ ተቀምጬ ጨረስኩት። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ የኩንታል ክምር ተንዶ ቀኝ ጉልበቱን እንደሰበረው፣ በአርባ ቀኑ ሳይድን እንደተመለሰ፣ አንቺ በአሥር ዓመትሽ ማታ ማታ በጨርቅ ትጠመጥሚለት እንደነበር ጽፈሻል። ተቆጣጣሪው በመስኮት ቆሞ ሲያነክስ ያየውን ሁሉ ከስም ዝርዝሩ ይሰርዝ እንደነበር ጽፈሻል። ለእኔ እንዳይነገር ያዘዘው አባባ «ያ ልጅ ወሬ አይቋጥርም» ብሎ መሆኑን ጽፈሻል፤ በዚህ ሌላ ቀን እንነጋገራለን። ከዚያ ደግሞ ከስድስቱ በሕይወት የቀረው «ቀጭኑ» አምና ታሞ ልትጠይቂው በሄድሽ ጊዜ የነገረሽን ጽፈሻል። አባባ በተመለሰበት ጠዋት ስድስቱ ሳይመካከሩ፣ አንዱ ጀምሮ ሌላው ተከትሎ፣ ጤነኛ ቀኝ እግራቸውን መጎተት ያዙ። ተቆጣጣሪው በመስኮቱ ቢያይ ቢያይ ሰባት አንድ ዓይነት ሰው እንጂ አንካሳ አላገኘም።

ጫማዬን አውልቄ ቀኝ እግሬን እየጎተትኩ ክፍሉን ዞርኩ። ከዚያ እንደ መምህር ወረቀት አወጣሁ። በቀን ስድሳ ምልልስ፣ በዓመት ሦስት መቶ ቀን፣ አባባ አለቃ ሆኖ መሸከም እስኪያቆም አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ጤነኛ ሰው፣ ጀርባው ላይ ኩንታል አዝሎ፣ ወደ ሁለት መቶ ሺህ ጊዜ አንክሷል። እንዲህ ያሉ ስድስት ሰዎች። አንድም ቀን አንዳቸው ረስተው እግራቸውን አላነሱም። አዲስ የሚቀጠሩትም እንዲያ እንዲራመዱ ተማሩ፤ ዛሬ እዚያ ያሉት ተሸካሚዎች ለምን ቢባሉ «የሙያው ወግ ነው» ብለው እንደሚመልሱ አንቺው ነግረሽኛል። እኔ የሰው አረማመድ ከመሬቱ ይመጣል ብዬ ሃያ ሁለት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው የሚራመደው አረማመድ ግን ከአንድ ሰው ጉልበት የመጣ ነው። ይህን ካሰብኩ ወዲህ ባቡር ውስጥ ሰዎች ሲራመዱ ሳይ እንኳ ይህኛው ደግሞ የማንን ሕመም ደብቆ ይሆን እላለሁ።

ለአለቃዬ ነገርኩት። «ጋሼ፣ ይሄንኑ እንዳለ ጻፈው፤ መጽሐፉ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ የለም» አለኝ። እምቢ አልኩት። ደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «አባባ እሱን ብለው እንዳነከሱ ይወቅ አይወቅ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ቀጭኑም እንዳልነግረው አስምሎኛል» ብለሻል። የተቆጣሽውም ለዚህ እንደሆነ ገብቶኛል። ምናልባት አባባ ለሰዎቹ ጥሩ አረማመድ እንዳስተማራቸው አምኖ ይሆናል የኖረው። ያንን በሰማንያ አራት ዓመቱ የምነጥቀው እኔ አይደለሁም። ለእርግማንሽ ግን ይቅርታ እጠብቃለሁ፤ በጽሑፍ።

ስለዚህ የምታደርጊው ይህን ብቻ ነው። ሳሉ ያልበረታበት ቀን ምረጪና «አባባ፣ ሰዎቹ ለምንድን ነው እንዳንተ ይራመዱ የነበረው?» ብለሽ ጠይቂው። አንዲት ቃል አትጨምሪ፣ ፊትሽንም ጠብቂ። «እኔ አስተምሬያቸው» ካለ፣ ገጹ የአንድ ታላቅ አስተማሪ ስልት ሆኖ ይታተማል፤ ሌላውን እኔና አንቺ ከቀጭኑ ጋር ይዘነው እንኖራለን። ያውቅ ከነበረ ሁሉንም ንገሪው፤ ይጻፍ ካለ ብቻ ይጻፋል። ዝም ካለ ገጹን ከመጽሐፉ አወጣዋለሁ፤ ወደቡም ያለ ስልት ይታተም። በዚህም ላይ አለቃዬን አስፈርሜዋለሁ።

ለአናጢው ባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ የላከልኝ መሮ ደርሷል፣ እጀታው ግን ሰንጥቆ ነው የመጣው፣ ይወቀው። ነርሷን ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ፈተናውን እንዳለፈች ከሌላ ሰው መስማቴን አልወደድኩትም። ቀጭኑን ስታዪው በእኔ ፈንታ ከወንበርሽ ተነሺለት፤ ለምን እንደሆነ አትንገሪው። ለአባባ ሁለቱን ጉልበቶቹን ሳሚልኝ፤ ቀኙን ለይተሽ እንዳይጠረጥር።

መልሱን አባባ እንደተናገረው ቃል በቃል፣ በእጅሽ ጽፈሽ ላኪልኝ። በስልክ የተባለ አልቀበልም። ማተሚያ ቤቱ ገጾቹን የሚዘጋው የካቲት ፲፪ ነው፤ ደብዳቤሽ እስከ የካቲት ፲ እጄ መግባት አለበት።

ታናሽ ወንድምሽ

ከብስክሌት ጥገናው በላይ ካለው ክፍል
ታኅሣሥ ፲፱ ቀን