የሰሌኑ ባለአደራ፦ የአቶ አናክሌቶ ሜንዶንሳ የሕይወት ታሪክ

መጀመሪያ የተሰማው ከበሮ ነው። የጎሣው የአባቶች ቤት አዲስ ክዳን በሚለብስበት ዕለት የሴቶቹ ከበሮ ከጉሙ ውስጥ ሲመታ፣ የሕፃን ልቅሶ ጣልቃ ገባበት። አያታችን አቶ አናክሌቶ ሜንዶንሳ ከአባታቸው ከማውቤሬና ከእናታቸው ከቡይሌሎ በ1948 እ.ኤ.አ. በማውቢሴ ተራራ ላይ እንዲህ ተወለዱ።

በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው ቡና ወደ መልቀም ገቡ። በ1971 ከወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ጋር ተጋብተው አምስት ልጆች አፈሩ፤ ሁለቱን የጦርነቱ ዘመን ጫካ ውስጥ ነጠቃቸው። ሰላም ሲወርድ የአባታቸውን የዕርቅ ሰሌን ወረሱ። የተጣሉትን ሰሌኑ ላይ አስቀምጠው፣ የዕርቁን ቅጠል አብረው አሳኝከው፣ ጠቡን ጨርሰው ያስነሡ ነበር። እዚያ ላይ የተነገረ ቃል ከሰሌኑ ጋር ይጠቀለላል፤ ማንም ተሸክሞት አይወጣም።

በ2009 የአሥራ ሰባት ዓመቱ ኤልዲኖ በጎረምሶች ጠብ መካከል ማርሳል የተባለውን ልጅ በገጀራ ገደለው። ሁለቱ ቤተሰቦች ሰሌኑ ላይ ተቀመጡ፤ ጎሽ ታረደ። ኤልዲኖም አንገቱን ደፍቶ፣ ማርሳል ከወደቀ በኋላ እንደ ደገመው ተናዘዘ። የማርሳል እናት ወይዘሮ ፊሎሜና ይህን ሰምተው ቅጠሉን አብረውት አኘኩ። ነገሩ ያለቀ መስሏቸው ነበር። በሁለተኛው ወር ፖሊስ መጣ።

ፍርድ ቤቱ ሊያውቅ የፈለገው አንድ ነገር ነው። አንዴ ብቻ መትቶት ከሆነ ዕድሜው ታይቶ ቅጣቱ ይቀልለታል፤ የወደቀውን ደግሞት ከሆነ ግን ልጅነቱ ብዙም አያድነውም። አቶ አናክሌቶ በምስክርነት ተጠርተው ማሉ። ልጁ ሰሌኑ ላይ ምን እንዳለ ተጠየቁ።

«ክብርት ዳኛ፣ ያ ቃል የእኔ አይደለም፤ የሰሌኑ ነው» አሉ።

«ሰሌኑ አልማለልኝም፣ አባባ። የማሉት እርስዎ ነዎት» አለቻቸው ዳኛዋ።

የኤልዲኖ እናት ዓይናቸውን ከአቶ አናክሌቶ አፍ ላይ አልነቀሉም። ያኔ ልጁ ከተከሳሾች ወንበር ብድግ አለ።

«ይናገሩ፣ አባባ። ተጠቅልሎ እኔ ውስጥ ሲቀመጥ አልቻልኩትም።»

ተናገሩ። ልጁ ቁስለኛውን በጀርባው አዝሎ እስከ ጤና ጣቢያው እንደ ሮጠም ጨምረው ተናገሩ። ዳኛዋ ሁለቱንም ነገር መዝና አሥራ ሁለት ዓመት ፈረደች።

ሰሌን ግን የሁለት ቤት ነው፤ የአንዱ ፈቃድ አይበቃም። አቶ አናክሌቶ በዚያች ሰዓት ወይዘሮ ፊሎሜናን ዞረው አልጠየቋቸውም። ከዚያ ወዲህ ሰሌን ዘርጉልኝ ብሎ የመጣ ሰው የለም። ገበያ ላይ ሲያልፉ «ለአናክሌቶ ከመንገር ለሬዲዮ መንገር ይሻላል፤ ሬዲዮ እንኳ ባትሪው ያልቃል» ይባል ነበር። ሰምተው ያልፋሉ። በየፋሲካው የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዘው ኤልዲኖ ወዳለበት ወህኒ ቤት ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ሰሌኑን ፀሐይ አስመትተው፣ አራግፈው፣ ግድግዳው ላይ መልሰው ይሰቅሉታል። ለማን እንደሚያቆዩት አናውቅም ነበር። ኤልዲኖ በ2021 ሲፈታም ወደ ቤታቸው አልመጣም።

አቶ አናክሌቶ በሳምባ ሕመም ሲሰቃዩ ቆይተው በተወለዱ በ75 ዓመታቸው ነሐሴ 14 ቀን 2023 አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆችንና አሥራ አንድ የልጅ ልጆችን ትተዋል። የተነገረውንም ያልተነገረውንም የሚያውቅ ፈራጅ በምሕረቱ ሰሌን ላይ ያስቀምጣቸው።

ትናንት ከሰዓት፣ አስከሬናቸው ቤት ውስጥ ሳለ፣ ኤልዲኖ ገባ። ተንበርክኮ እጃቸውን ሳመ። ተነሥቶም ሰሌኑን ከግድግዳው አወረደና ብብቱ ሥር ያዘው። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ወይዘሮ ፊሎሜና ቀና ብለው አዩት፤ እንዲያልፍ እግራቸውን ሰበሰቡለት። የሁለቱን ቤት ሰሌን ይዞ ወጣ።